«ወር እኮ ሠላሳ ቀን ነው»፦ በጎንደር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከሥራዋ ሳትለይ ፕሮግራሚንግ የተማረችበት ሂደት (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በዕድሜ የገፉ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ገቡ። ሚያዝያ 12 የወሰዱትን 40,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ከሚታሰበው ወለድ ጋር ሊከፍሉ ነበር የመጡት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኮምፒውተሩ ያነበበችላቸው ወለድ፣ የልጅ ልጃቸው በወረቀት ካሰላላቸው በ16 ብር ከ44 ሳንቲም በለጠ። ስንት ቀን እንደታሰበባቸው ጠየቁ፤ ሠላሳ አንድ ተባሉ። «ልጄ፣ ወር እኮ ሠላሳ ቀን ነው፤ ሠላሳ አንደኛዋን ከየት አመጣችኋት?» አሉ።

ሠራተኛዋ መልስ አልነበራትም። ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ ያነሳሳኝ ያ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በፊት ስድስት ወር ሙሉ ፕሮግራሚንግ ለመማር ሞክራ ተስፋ ቆርጣ የተወች ሰው፣ ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሷን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ጽፋለች። እኔ የኮምፒውተር ትምህርት አስተማሪ ነኝ፤ ከባለጉዳይዋ ጋር የምንተዋወቀው በሰፈር ነው። የእርሷንም የማኅበሩንም ስም አልጠቅስም። ዝርዝሩን የወሰድኩት ቀንና ሰዓት እየጻፈች ከያዘችው ባለመስመር ደብተር ነው፤ እንድጠቀምበት የፈቀደችልኝም እርሷ ናት።

የባለጉዳይዋ ሁኔታ

ባለጉዳይዋ በወቅቱ የ41 ዓመት ሴት ነበረች። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ፣ በዚያው ሙያ የ14 ዓመት ልምድ አላት። የምትኖረው አዘዞ ነው፤ ከከተማው መሀል አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በየቀኑ በታክሲ ትመላለሳለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ባለቤቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን ቤቱ በእርሷ ላይ ነው። በእጇ የነበረው ያገለገለ ላፕቶፕ መብራት ከጠፋ ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም ነበር። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው። ለመማር የፈለገችው ሥራ ለመቀየር አልነበረም። በየዓመቱ ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ እስከ ምሽት ቢሮ መዋል ሰልችቷት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት

ኅዳር 2015 ስትጀምር ምክር የጠየቀችው እኔን ነው፤ እኔም ለወጣት ተማሪዎቼ የምሰጠውን ረጅም የትምህርት ዝርዝር ሰጠኋት። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት የተባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ድረ ገጽ አሠራርና ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) በአንድ ወረቀት ላይ ነበሩ። ይህ የእኔ ስህተት ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ለሚውል ተማሪ የተዘጋጀ ዝርዝር፣ በቀን አንድ ሰዓት ለማታገኝ እናት ገና ከመነሻው የሚያደክም ሸክም ሆነ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 3:30 ገደማ፣ የዩቲዩብ ትምህርት ትከታተል ነበር። አስተማሪው የሚጽፈውን እያየች ትጽፋለች፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ደስ ብሏት ትተኛለች። በደብተሯ ላይ «ትምህርት 14 ጨረስኩ»፣ «ትምህርት 22 ጨረስኩ» የሚሉ መስመሮች ተደርድረዋል። የካቲት ላይ ቪዲዮ ሳትከፍት አሥር ቁጥሮችን የሚደምር ፕሮግራም እንድትጽፍ ጠየቅኳት። ሩብ ሰዓት ባዶውን ገጽ ስታይ ቆየችና ላፕቶፑን ዘጋችው። ለካ የተለማመደችው የሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥ ኖሯል። ምሳሌዎቹም የፒዛ ዋጋና የአስተናጋጅ ጉርሻ ስሌት ስለነበሩ፣ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን በራሷ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

የሥራ ባልደረባዋ በፍላሽ የሰጣት መጽሐፍም ነበር። መጽሐፉ ለፓይተን 2 የተጻፈ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ትእዛዝ እንኳ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ በነበረው ፓይተን 3 አልሠራም፤ ጽሑፍ በስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ (print) በአዲሱ ቅንፍ ይፈልጋል፣ በአሮጌው አይፈልግም። የፓይተን 2 ድጋፍ በፈረንጆቹ 2020 መባቻ ያበቃ መሆኑን የነገራት ስላልነበረ፣ ጥፋቱን የራሷ አድርጋ ቆጥራዋለች። ሚያዝያ 8 ፋሲካ ከዋለ በኋላ በደብተሯ ላይ ለአንድ ወር ያህል ምንም አልተጻፈም።

ስህተቱ የት ነበር

የነጋዴዋ ጥያቄ የተመለሰው በሁለት ቀን ነው። ማኅበሩ የብድር ቀኖችን ኤክሴል በተባለው የሠንጠረዥ ስሌት ፕሮግራም የሚመዘግበው በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። ኤክሴል ግን የተጻፈለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጆቹ ነው። ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ስለሆነ ለእርሱ ኦገስት ነው፤ ኦገስት ደግሞ 31 ቀን አለው። ከሚያዝያ 12 እስከ ግንቦት 12 ያለው 30 ቀን 31 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ሲመረመር ሌላም ወጣ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኤክሴል 28 ወይም 29 ቀን ብቻ እንዳለው ፌብሩዋሪ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 የሚል ቀን አይቀበልም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀረውና ስሌቱ ስህተት ያወጣል። ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ ሠራተኛ ይህን ለማምለጥ ጥቅምት 29ንም 30ንም «28» ብሎ መመዝገብ ጀምሮ፣ ተከታዮቹም እንደ ደንብ ወርሰውታል። ጳጉሜንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ ቦታ የላትም፤ ሁሉም የጳጉሜን ክፍያ «ነሐሴ 30» ተብሎ ይገባ ነበር። 100,000 ብር ዕዳ ኖሮበት ጳጉሜን 5 የከፈለ አባል የአምስት ቀን ወለድ፣ ማለትም 205 ብር ከ48 ሳንቲም፣ ሳይከፍል ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ያልታየበት ምክንያት እኔን እስካሁን ያስገርመኛል። ብድሩ ልክ ዓመት የሞላው ከሆነ፣ በአንዱ ወር የተጨመረው ቀን በሌላው ሲቀነስ፣ የጠፋችው ጳጉሜን ደግሞ በሠላሳ አንዶቹ ስትካካስ፣ ድምሩ ተመልሶ 365 ይመጣል። ኦዲተሮች ናሙና አድርገው የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ የዓመት ብድሮችን ስለነበር ቁጥሩ ሁልጊዜ ትክክል ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በዚያ ሳምንት የቀድሞውን ዝርዝሬን ቀድጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋት፦ በሁለት የኢትዮጵያ ቀኖች መካከል ስንት ቀን አለ? ቀን የሚለውጡ ዝግጁ የፓይተን ጥቅሎች አሉ። የራሷን ሳትጽፍ እንዳትነካቸው ተስማማን።

መጀመሪያ የፓይተንን የቀን መሣሪያ ተጠቀመች። ጳጉሜን 5ን አሥራ ሦስተኛ ወር ብላ ስትሰጠው ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት የሚል ቀይ ጽሑፍ መለሰላት። ይህን ስታሳየኝ ተናዳ ሳይሆን እየሳቀች ነበር፤ የቢሮዋን ኤክሴል ችግር በግልጽ ቃል የነገራት የመጀመሪያው አካል ያ ቀይ ጽሑፍ ነበርና።

መፍትሔው የመጣው ከአባቷ ነው ማለት ይቻላል። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በልጅነቷ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚታወቅበትን ስሌት፣ ሲያሰሉ አጠገባቸው ተቀምጣ አይታለች። ዓመተ ዓለምን (5500 እና ዓመተ ምሕረቱ ሲደመሩ) ለአራት አካፍሎ ቀሪው አንድ ቢሆን ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ መሆኑን፣ የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ደግሞ ስድስት ቀን መሆኗን ታውቃለች። 5500 ሲደመር 2015፣ 7515 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀራል፤ ሉቃስ። በፓይተን የመቶኛ ምልክት ቀሪን፣ ድርብ እዝባር ደግሞ ሙሉ ድርሻን እንደሚያወጣ ስነግራት «ገድፎ ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ፤ በባሕረ ሐሳብ ሙሉውን ድርሻ ጥሎ ቀሪውን መያዝ ማለት ነው። ተማሪዎቼ አንድ ሳምንት የሚፈጅባቸውን ነገር በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ቀመሩን በታክሲ ውስጥ በእርሳስ ጻፈችው፦ ዓመቱን በ365 አባዛ፤ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ድርሻ ደምር፤ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ደምር፤ በመጨረሻ ቀኑን ደምር። እያንዳንዱ ቀን አንድ ተራ ቁጥር ያገኛል፤ የሁለት ቀኖች ርቀት የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. 736,344 ሲሆን፣ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 736,345 ነው። ይህን በእጇ አስልታ ትክክል መሆኑን ካየች በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባችው። አንዲት መስመር ፋንክሽን (በስሟ ሲጠሯት ስሌቱን የምትሠራ የፕሮግራም ክፍል) ነበረች፤ የጻፈቻት ደግሞ ከባዶ ገጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዘች፦ ፕሮግራሙን ከማስነሳቷ በፊት የምትጠብቀውን መልስ በደብተሩ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ለመለማመጃ፣ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች የሚያወጣ ፕሮግራም ስትሠራ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት እንዳለባቸው ከአባቷ ታውቅ ስለነበር ማረጋገጫው አብሮ ነበረ። ለ2015 ወንበሩ 9፣ አበቅቴው 9፣ መጥቅዑ 21 ሆኖ ተስማማ። ለ2006 ግን ድምሩ ዜሮ ወጣባት። ግማሽ ቀን ኮዷን ስትመረምር ከዋለች በኋላ፣ ወንበር ዜሮ በሚሆንበት ዓመት መጥቅዕ 30 ተብሎ እንደሚያዝ ትዝ አላት። ልዩ ሁኔታን ለይቶ መያዝ ምን እንደሆነ የተማረችው እዚያ ላይ ነው።

የጥናት ሰዓቷንም ለወጠች። የምሽቱን ትታ ከሌሊቱ 10:45 እስከ 11:45 አደረገችው። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ተኝተዋል፣ እርሷም አልደከማትም፣ በሰፈሩ ደግሞ መብራት ከምሽቱ ይልቅ በዚያ ሰዓት የመኖር ዕድሉ የተሻለ ነበር። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን እንጂ በየቀኑ አልነበረም። መብራት በማይኖርበት ቀን በወረቀት ትጽፋለች።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ትከተለው የነበረው የቴሌግራም የጥናት ቡድን በዚያው ተበተነ። መቋረጡ ያደረሰው ጉዳት ብዙ ነው፣ በጎ ነገር አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ለዚህ ጉዳይ ግን ሌላ ቪዲዮ የመጀመር ፈተናን አስቀረላት። ፓይተን አስቀድሞ ተጭኖላት ስለነበር፣ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ቀላል መጻፊያና አብሮ ያለው የእርዳታ ትእዛዝ ያለ መረብ ይሠራሉ፤ በእነዚያ ብቻ ቆየች።

እንቅፋቶች

ቀላል ሆኖ እንዳይታይ ሦስቱን ከባዶቹን እዘረዝራለሁ።

የአባላት ስም ዝርዝር በአማርኛ ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲከፍት ስሞቹ ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኑ። በዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደላት በቁጥር የተጻፉበት ስልት፣ ካልተነገረው የሥርዓቱን ነባር ኢንኮዲንግ ይይዛል፤ ያ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም። ፋይሉ የተጻፈው ፊደላችንን በሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ መሆኑን አንድ ቃል ጨምሮ መንገር ይበቃ ነበር። ይህችን ቃል ለማግኘት ሦስት ንጋት ፈጀባት፤ እኔም በዚያ ሳምንት ለቅሶ ሄጄ ከከተማ ውጭ ነበርኩ። ብቻን መማር ዋጋው የሚከብደው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሁለተኛው የሳንቲም ጉዳይ ነው። 2.675ን ወደ ሁለት አሃዝ ስታጠጋጋ በእጇ 2.68 ሲሆን ፓይተን 2.67 አለ። ኮምፒውተር ብዙዎቹን ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ በሚጽፍ) አሠራሩ በትክክል መያዝ ስለማይችል በጣም የቀረበውን ይይዛል፤ እዚህ የያዘው ከ2.675 በጥቂቱ ያንሳል። ሒሳቡን በሙሉ በሳንቲም፣ ነጥብ በሌለው ቁጥር መያዝ ስትጀምር ችግሩ ተወገደ። በሙያዋ ሒሳብ ሠራተኛ ባትሆን ኖሮ ይህን አንድ ሳንቲም የምታየው አይመስለኝም።

ሦስተኛው አልተሳካም። በታኅሣሥ 2016 በተሳካላት ነገር ተበረታታ የማኅበሩን መዝገብ በሙሉ የሚተካ፣ መስኮትና ቁልፍ ያለው ሥርዓት ጀመረች። በዚያ ውስጥ «ፀሐይ»ን፣ «ጸሐይ»ንና «ፀሀይ»ን አንድ ስም አድርጎ የሚያይ የፊደል መተኪያ ሰንጠረዥ ሠራች፤ ሥራው ራሱ ጥሩ ነበር፣ ግን ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ አባላትን አዋህዶ የአንዷን ቁጠባ ለሌላዋ ሰጠ። ደግነቱ በሙከራ ቅጂ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መለያው የአባልነት ቁጥር እንጂ ስም እንዳይሆን ወሰነች። ሥርዓቱን ግን ከሁለት ወር በኋላ ተወችው፤ አንድ ሰው በየንጋቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ እየሠራ የሚጨርሰው ሥራ አልነበረም።

ውጤቱ

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ አልተቀበለውም፤ ተገቢም ነበር። በመጨረሻ አሮጌው ኤክሴልና አዲሱ ፕሮግራም ለሦስት ወር ጎን ለጎን እንዲሠሩ፣ የማይስማሙበት ብድር ሁሉ በእጅ እንዲሰላ ተወሰነ። ልዩነት ከታየባቸው ብድሮች በአንዱ ላይ ብቻ ስህተቱ የፕሮግራሙ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ቀኑና ወሩ ተገላብጦ የገባበት ነው። የሰኔ 2016 መዝጊያ ቀድሞ ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው በአራት ቀን አለቀ። የበርበሬ ነጋዴዋ 16 ብር ከ44 ሳንቲም በሚቀጥለው ክፍያቸው ላይ ታስቦላቸዋል።

ደብተሩ ላይ ያለው ሰዓት ሲደመር ከሰኔ 2015 እስከ ሰኔ 2016 ወደ 210 ሰዓት ይመጣል። ደመወዟ አልጨመረም፣ የሥራ መደቧም አልተለወጠም። «በሦስት ወር ፕሮግራመር» ለሚሉ ማስታወቂያዎች ይህ ጉዳይ ምስክር አይሆንም።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሰው ሊሸጋገር ይችላል የምለው ከሁሉ በላይ የጥያቄውን አመራረጥ ነው። የተሳካው ጥያቄ ከራሷ ሥራ የወጣ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ መልሱንም በእጅ ማረጋገጥ የምትችለው ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ መምህር በአጠገብ ለሌለው ሰው ትክክልና ስህተትን የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው። ነርስ የመድኃኒት መጠን ስሌትን፣ መጋዘን ጠባቂ የማብቂያ ቀኖችን፣ መምህር የውጤት አማካይን በእጁ ያውቀዋል፤ ከዚያ ይጀምር።

የቀደመ እውቀትንም መፈለግ ይገባል። ባለጉዳይዋ ስለ ቀሪ ያላት እውቀት ከየትኛውም ቪዲዮ የሚበልጥ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ግን እኔም እርሷም ከፕሮግራሚንግ ጋር የሚገናኝ መስሎ አልታየንም። ለእኔ ዓይነቱ አስተማሪ ደግሞ፣ ዝርዝር ከመስጠት በፊት ሰውየው ቀኑን ሙሉ ምን ሲያሰላ እንደሚውል መጠየቅ ይቀድማል። ሰዓትን በተመለከተ፣ ንጋት ለሁሉ ይስማማል አልልም፤ የሚሻለው ሰዓት ሰውየው ያልደከመበት ነው። የጠፋን ሳምንት ለማካካስ ሌሊት መቀመጥ ግን በእርሷ ላይ አንድም ቀን አልሠራም፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ በማግሥቱ የጻፈችውን ሰርዛለች።

ጳጉሜን 6

በ2016 መጨረሻ ባለጉዳይዋ የዓመት ፈቃድ ወጣች። ፕሮግራሙን እንዴት ማስነሳት እንደሚቻል በአንድ ገጽ ጽፋ በፋይል ሳጥኑ በር ላይ ለጥፋ ስለነበር፣ አንድ ወጣት ባልደረባዋ ሥራውን ያዘ። ስትመለስ አንድ ክፍያ «ጳጉሜን 6 ቀን 2016» ተብሎ ገብቶ አገኘች። ዘመኑ ዮሐንስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ፕሮግራሙ ግን ምንም ሳይል ተቀብሎ መስከረም 1 ቀን 2017 ከሚያገኘው ጋር አንድ የሆነ ቁጥር፣ 736,710፣ ሰጥቶታል። ቀመሩ የተጻፈለትን ይደምራል እንጂ ቀኑ መኖሩን አይጠይቅም ነበር።

መጀመሪያ ራሷ ልታርመው ተቀመጠች፤ በኋላ ተወችውና ወጣቱን ጠርታ ወንበሩን ለቀቀችለት። ለአራት ሲካፈል ቀሪው ሦስት ካልሆነ ጳጉሜን ከአምስት እንዳትበልጥ የሚያግድ መስመር ለመጻፍ አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ መልሱን አስቀድሞ በእርሳስ እንዲጽፍ ደብተሯን ሰጥታው ነበር።